ማጣሪያው ላይ የቆመው ፎቶ

ሥራዬ ሂሳብ ነው። ከቢሮ ብዙም አልወጣም። ያን ቀን ግን የመስክ ባልደረባችን ታመመና መጠይቁን ይዤ ወደ አንዲት እናት ቤት እኔ ሄድኩ። ጥያቄዎቹ አጫጭር ናቸው። የውሃ ማጣሪያው ቤት ውስጥ አለ? መቼ ተሰጣችሁ? ስንት ሰው ይገለገልበታል? መጨረሻ ላይ ፎቶ ማንሳት አለብኝ።

ማጣሪያው አለ። ክፍሉ ጥግ ላይ ቆሟል፤ በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኗል። ጨርቁ ላይ በፍሬም የገባ የልጃቸው ፎቶ ተቀምጧል። ደህና የተያዘ እቃ ነው። አቧራ እንኳን የለበትም።

«እማማ፣ ይሠራል?» አልኳቸው። መጠይቁ ላይ የሌለ ጥያቄ ነው፤ ፎቶውን ሳይ ነው የመጣልኝ።

«ይሠራ ነበር። እግዚአብሔር ይስጣችሁ። መጀመሪያ ጊዜ ደህና አድርጎ አጣራልን። በኋላ መንጠባጠብ ጀመረ። ከዚያ ጭራሽ ቆመ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩንም?»

ትንሽ ዝም ብለው አዩኝ። «በነጻ በሰጠኝ ሰው ላይ እንዴት ብዬ አቤት ልበል፣ ልጄ?»

ቢሮ ስመለስ ቅጹን አስገባሁ። «ማጣሪያው አለ?» ለሚለው መልሱ «አዎ» ነው። ዳር ላይ በእስክሪብቶ «አይሠራም» ብዬ ጻፍኩ። ኮምፒውተር ውስጥ የሚገባው ግን ሳጥኑ ውስጥ ያለው ብቻ ነው። እኚያ እናት በዓመቱ ሪፖርት ንጹሕ ውሃ ካገኙ ሰዎች ጋር ተቆጠሩ። የሪፖርቱን የሂሳብ ክፍል የጻፍኩት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ድርጅታችን ማህበራዊ ኢንተርፕራይዝ ነበር። ቃሉ አዲስ ለሆነበት ሰው ባጭሩ ልንገረው። የሰውን ችግር ለመፍታት የተቋቋመ፣ ግን እንደ ንግድ ሸጦ ገቢ የሚያገኝ፣ ትርፉንም በዋናነት ወደ ዓላማው የሚመልስ ድርጅት ማለት ነው። እርዳታ ድርጅት አይደለም። ተራ ነጋዴም አይደለም። መሀል ላይ የቆመ ነው። መሀል መቆም ደግሞ ከባድ ነው፤ ከሁለቱም በኩል ይነፍስበታል።

ሰነፎች አልነበርንም። ይህን በደንብ መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም እንዲህ ያለ ድርጅት ሲዘጋ ሰው ቶሎ የሚያስበው ሌብነትን ወይም ስንፍናን ነው። ቴክኒሻኖቻችን እሁድ ሳይቀር ይሠሩ ነበር። ሁሉም ሥራውን ይወደው ነበር። እንዲያውም በዚያው ዓመት በፈጠራ ተሸልመናል። ማጣሪያው ላይ ስንት ሊትር ውሃ እንዳለፈ የሚቆጥር ትንሽ መሣሪያ ገጠምንበት። ቁጥሩ በስልክ መስመር በቀጥታ ቢሮ ይደርሳል። መድረክ ላይ ሲታይ ያምራል። ሰው አጨበጨበ።

ለመቁጠሪያው ገንዘብ ተገኘ። ለመለዋወጫ ፊልተር፣ ማለትም ማጣሪያው ውስጥ ለሚቀየረው ክፍል፣ ማከፋፈያ ግን አልተገኘም። ለጋሾቻችንን ጠይቀን ነበር። «ይሄማ የዕለት ተዕለት ሥራ ነው፤ እኛ የምንደግፈው ፈጠራን ነው» አሉን። የሚያሳዝነው፣ መቁጠሪያው ማጣሪያው መቆሙን በትክክል ይነግረን ነበር። ስክሪኑ ላይ ቁጥሩ ዜሮ ይሆናል። ሄዶ የሚጠግን ሰው ግን አልነበረንም።

ከሽልማቱ በኋላ ሁለት ዓመት አልቆየንም። የፕሮጀክቱ ጊዜ አለቀ፤ የሚቀጥለው ፕሮፖዛል አልጸደቀም። የመጨረሻውን ወር ደሞዝ አስልቼ መዝገቡን የዘጋሁት እኔ ነኝ። የገቢ ዓምዱን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ወደ ታች እያየሁ ሄድኩ። ሽያጭ የሚባለው መስመር ላይ ትንሽ ትንሽ ነገር አለ። የቀረው ሁሉ ስጦታ ነው። ንግድ ነን እንል ነበር። መዝገቡ ግን ሌላ ነገር ነው የሚናገረው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ያሰላሰልኩት አንድ ነገር ነው። ድርጅት የሚሰማው የሚከፍለውን ሰው ነው። ክፋት አይደለም። ደሞዙ ከየት እንደሚመጣ እያንዳንዱ ሠራተኛ ያውቃል፤ ጆሮም ወደዚያው ያዘነብላል። ለጋሹ ኢሜይል ሲልክ በዚያው ቀን መልስ ያገኛል። ማጣሪያው የቆመባቸው እናት ግን ስልክ ቁጥራችን እንኳን አልነበራቸውም። ስለዚህ ስለ ፈጠራና ስለ ዘላቂነት ሲወራ መጀመሪያ የማየው እቃውን አይደለም። ገንዘቡ የሚመጣበትን መንገድ ነው። የሚገለገለው ሰው በዚያ መንገድ ላይ ቦታ አለው? «አልፈልግም» ቢል እኛ ላይ የሚደርስ ነገር አለ?

ይህን ካሰብኩ በኋላ ሌሎች ድርጅቶች የሄዱበትን መንገድ ማንበብ ጀመርኩ። አንዳንዱ በደንብ የታወቀ ታሪክ ነው፤ በሂሳብ ሠራተኛ ዓይን ሲታይ ግን ሌላ መልክ አለው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በደቡብ አፍሪካ የተጀመረውን ፕሌይፓምፕ የሚያስታውስ ይኖራል። ልጆች እየዞሩ የሚጫወቱበት ክብ መጫወቻ ነው። ሲሽከረከር ከጉድጓድ ውሃ ይስባል፤ ውሃው ከፍ ብሎ ወደቆመ ታንከር ይገባል። ልጆች ይጫወታሉ፣ እናቶች ከቧንቧ ይቀዳሉ። ሀሳቡ ያምራል። በ2000 ከዓለም ባንክ ሽልማት አገኘ። በ2006 ደግሞ 16.4 ሚሊዮን ዶላር የሚሆን ድጋፍ ቃል ተገባለት። እስከ 2010 ድረስ 4,000 ፓምፖች ሊተከሉ ታቀደ።

የጥገናው ወጪ ከየት ይምጣ ለሚለውም መልስ ነበረው። ታንከሩ ዙሪያ የማስታወቂያ ሰሌዳ አለ። ኩባንያዎች ማስታወቂያ ይለጥፋሉ፤ ከሚከፍሉት ላይ ፓምፑ ይጠገናል። ወረቀት ላይ እንከን የለውም። ግን ፓምፑ የሚተከለው ሩቅ ገጠር ነው። ብዙ ገዢ በሌለበት ቦታ ማስታወቂያ ለመለጠፍ ማን ይከፍላል? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆነ። ፓምፖቹ ሲበላሹ ረጅም ጊዜ ቆመው የቀሩ ነበሩ። ልጆች ደክሟቸው ሲሄዱ ደግሞ ሴቶቹ ራሳቸው መጫወቻውን በእጃቸው እየገፉ ማዞር ነበረባቸው። ጋርዲያን ጋዜጣ በ2009 ባወጣው ስሌት፣ የታሰበውን ያህል ውሃ ለማግኘት ልጆቹ በቀን 27 ሰዓት መጫወት ነበረባቸው። ሥራውን የያዘው ዓለም አቀፍ ድርጅትም ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ።

ይህን ታሪክ ብዙ ሰው የሚያነሳው ስለ ሀሳቡ የዋህነት ለመናገር ነው። እኔ ግን ቆም የምለው ሌላ ቦታ ነው። በዚህ ሥራ ውስጥ የሚከፍሉት ለጋሾችና አስተዋዋቂዎች ናቸው። ውሃ የሚቀዱት ሴቶች አይከፍሉም። ስለዚህ ተራው የእጅ ፓምፕ ተነቅሎ አዲሱ ሲተከል ብዙ ቦታ የጠየቃቸው የለም። ቢጠየቁ ኖሮ በመጀመሪያው ሳምንት የሚናገሩት ነገር ነበራቸው፤ መጫወቻ መግፋት የእጅ ፓምፕ እጀታ ከመጫን የበለጠ እንደሚያደክም ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም።

አሁን ወደምወደው ታሪክ ልሂድ። ስለ አራቪንድ የዓይን ሆስፒታል ባነበብኩ ቁጥር የምማረው ነገር አላጣሁም።

ዶክተር ጎቪንዳፓ ቬንካታስዋሚ በሕንድ የመንግሥት ሐኪም ነበሩ። በወጣትነታቸው ከባድ የመገጣጠሚያ ሕመም ይዟቸው ጣቶቻቸው ጠመዋል። በእነዚያ ጣቶች ቀዶ ሕክምና ተማሩ። በ1976፣ በ58 ዓመታቸው ጡረታ ወጡና በማዱራይ ከተማ 11 አልጋ ያላት ክሊኒክ ከፈቱ። ዓላማቸው በዓይን ሞራ ምክንያት የሚመጣውን ዓይነ ስውርነት ማጥፋት ነው። በቀላል ቀዶ ሕክምና ሊድን የሚችል ነገር ነው፤ ብዙ ሰው ግን መክፈል ስለማይችል ብቻ ማየት ተስኖት ይኖር ነበር።

ታዲያ ምን አደረጉ? የሚችል ይከፍላል፤ የማይችል በነጻ ወይም በትንሽ ክፍያ ይታከማል። እስከዚህ ድረስ አዲስ ነገር የለም፤ ሌሎችም ሞክረውታል። ልዩነቱ ከዚህ በኋላ ነው። ታካሚው የሚከፈልበት ክፍል ይግባ ወይስ ነጻው ክፍል፣ የሚወስነው ራሱ ነው። የድህነት ማስረጃ አምጣ አይባልም። ሐኪሞቹም በሁለቱም ክፍል በየተራ ይሠራሉ። በክፍያ የሚታከመው ሰው የሚገዛው የተሻለ አልጋና የተሻለ ክፍል እንጂ የተሻለ ሐኪም አይደለም።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ቆሜ አስቤያለሁ። ነጻው ታካሚ አይከፍልም፤ ስለዚህ በእኔ አባባል ማንም ሊሰማው አይገባም ነበር። ግን ከፋዩን የሚያክመው ሐኪም እሱንም ያክመዋል። ከፋዩ ጥራት ሲጠይቅ የሚጠይቀው ለሁለቱም ነው። ሥራው ቢበላሽ ከፋዩ ወደ ሌላ ሆስፒታል ይሄዳል፤ ገንዘቡም አብሮ ይሄዳል። የማይከፍለው ሰው በከፋዩ ድምፅ ይጠበቃል። ለእኔ የአራቪንድ ትልቁ ፈጠራ ይህ ነው።

ሌላው ፈጠራ ደግሞ ወጪ ላይ ነው። በቀዶ ሕክምና ክፍሉ አንድ ሐኪም አጠገብ ለአጠገብ በሆኑ ጠረጴዛዎች ላይ ይሠራል። አንዱን ታካሚ ሲጨርስ ሌላው ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል፤ ዞር ብሎ ይቀጥላል። የማዘጋጀቱን፣ የመለካቱን፣ የመከታተሉን ሥራ የሚሠሩት ከየመንደሩ ተመልምለው የሰለጠኑ ወጣት ሴቶች ናቸው። ሐኪሙ ሐኪም ብቻ ሊሠራው የሚችለውን ይሠራል። ይህ ዜና የሚሆን ነገር አይደለም። መድረክ ላይ አይታይም። ግን በአንድ ታካሚ የሚወጣው ወጪ ስለወረደ ከአንዱ ከፋይ የሚተርፈው ሌላውን ማሳከም ቻለ።

ከዚያ አንድ እንቅፋት መጣ። ከሞራ ቀዶ ሕክምና በኋላ ዓይን ውስጥ የሚገባው ሰው ሠራሽ ሌንስ ከውጭ ነበር የሚመጣው፤ አንዱ 100 ዶላር አካባቢ ያወጣ ነበር። በዚህ ዋጋ ለነጻ ታካሚ ማስገባት አይቻልም። ለዘላለም በልመና መኖር ይቻል ነበር። እነሱ ግን በ1992 አውሮላብ የሚባል ፋብሪካ ከፈቱ፤ ሌንሱን ራሳቸው መሥራት ጀመሩ። ዋጋው ወደ 10 ዶላር፣ በኋላም ከዚያ በታች ወረደ። ዛሬ ሌንሱ ወደ ብዙ አገሮች ይላካል። ፋብሪካውን የወለደው ግልጽ ችግር ነው፤ እንዲህ ካልሆነ የማይከፍለውን ሰው ማሳከም አንችልም የሚል። ሌንሱ ከመሠራቱ በፊት ለማን እንደሚገባ ይታወቅ ነበር። የእኛ መቁጠሪያ ግን ማን እንደሚፈልገው ሳናውቅ ነው የሠራነው።

የባንግላዴሹ ብራክም ከዚህ ጋር የሚሄድ ታሪክ አለው። በፋዝሌ ሃሰን አቤድ በ1972 የተመሠረተ ድርጅት ነው። ገጠር ያሉ ሴቶች ሐር እየሠሩ ለከተማ ሱቆች ያቀርቡ ነበር። ሱቆቹ ግን የሚከፍሉት ከወራት በኋላ ነው። ከእጅ ወደ አፍ ለሚኖር ሰው ወራት መጠበቅ ማለት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ብራክ በ1978 አሮንግ የሚባል የራሱን መሸጫ ከፈተ፤ ሴቶቹ እቃቸውን ባስረከቡበት ጊዜ እንዲከፈላቸው አደረገ። አዲስ ቴክኖሎጂ የለበትም። የተለወጠው ክፍያው የሚፈጸምበት ቀን ብቻ ነው። ሂሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ይሆናል፣ እኔ ይህን ሳነብ ልቤ ይነካል። አሮንግ በኋላ በጣም አደገ፤ ከትርፉም ለብራክ ሌሎች ሥራዎች ገቢ ይሆናል።

ታዲያ ተገልጋዩ ከከፈለ ሁሉም ይስተካከላል ማለት ነው? እንደዚያ ቢሆን ቀላል ነበር።

ለድሆች ትንሽ ብድር በመስጠት የሚታወቀው የባንግላዴሹ ግራሚንና የፈረንሳዩ የወተት ተዋጽኦ ኩባንያ ዳኖን በ2006 በባንግላዴሽ ተጣምረው ለልጆች የሚሆን እርጎ መሥራት ጀመሩ። ዚንክ፣ ብረትና ቫይታሚን የታከለበት ነው። ሴቶች ቤት ለቤት እየዞሩ ይሸጡታል፤ ዋጋውም 5 ታካ (የአገሩ ገንዘብ ነው) ነበር። በ2008 የወተት ዋጋ ሲሰቀል ወደ 8 ታካ አሳደጉት። የገጠሩ ሽያጭ ወዲያው ወደቀ። እናቶቹ መግዛት አቆሙ፤ አዟሪዎቹ ሴቶችም ሥራውን ተዉት። በኋላ ጽዋውን አሳንሰው በ6 ታካ መሸጥ ጀመሩ፤ ዳካ ከተማም ውስጥ በተሻለ ዋጋ እየሸጡ የገጠሩን መደጎም ያዙ።

እናቶቹ «አልፈልግም» ብለው ድርጅቱን መጉዳት ቻሉ። ድርጅቱም ሰማ። ጥሩ ነው። ግን በዚያ መካከል እርጎውን ያጡት ልጆች ናቸው። ድሃ ሰው «አልፈልግም» ሲል አንዳንዴ «አልችልም» ማለቱ ነው። ሁለቱ ሽያጭ መዝገብ ላይ አንድ ይመስላሉ፤ ሁለቱም ባዶ ቦታ ናቸው። ይህን ለመለየት ሄዶ መጠየቅ ያስፈልጋል። የእኔ ያን ቀን ከቢሮ መውጣት ያስተማረኝ አንዱ ነገር ይህ ነው።

ሌላው አደጋ ደግሞ ከባለቤትነት ይመጣል። የሜክሲኮው ኮምፓርታሞስ በ1990 ድሃ ሴቶችን በትንሽ ብድር ለመርዳት የተነሳ፣ ትርፍ የማይፈልግ ድርጅት ነበር። እያደገ ሄዶ ባንክ ሆነ። በ2007 ከአክሲዮኖቹ 30 በመቶ የሚሆነው ለገበያ ቀርቦ ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠ። ገንዘቡ የሄደው አክሲዮናቸውን ለሸጡት ነባር ባለአክሲዮኖች ነው። ተበዳሪዎቹ ሴቶች የሚከፍሉት ወለድ ግብሩን ጨምሮ በዓመት ወደ 100 በመቶ ይጠጋ ነበር። የግራሚን ባንክ መሥራች ሙሐመድ ዩኑስ አጥብቀው ተቃወሙት።

የሚከራከሩለት አሉ። ትርፍ ባይኖር ይህን ያህል ሴቶች ዘንድ መድረስ አይቻልም ነበር ይላሉ። ክርክራቸውን አንብቤዋለሁ። አላሳመነኝም። ተበዳሪዋ ከፋይ ነች፤ ግን የምትሄድበት ሌላ ቦታ ከሌላት «አልፈልግም» ማለት አትችልም። አማራጭ የሌለው ከፋይ ድምፅ የለውም። ባለአክሲዮኑ ግን ነገ ጠዋት አክሲዮኑን ሸጦ መውጣት ይችላል። ስለዚህ ጆሮው ወዴት እንደሚያዘነብል ግልጽ ነው። ድርጅቱ በገንዘብ በኩል ዘላቂ ነው፤ በዚህ አልከራከርም። ዘላቂ የሆነው ግን የተነሳበት ዓላማ ነው ወይስ ሌላ ነገር?

ለዚህ መላ የፈለጉ ሰዎች ድሮም ነበሩ። በ1844 እንግሊዝ ሮችዴል ከተማ ውስጥ 28 ሰዎች ተሰብስበው ትንሽ ሱቅ ከፈቱ። በጊዜው ነጋዴዎች ዱቄት ውስጥ ባዕድ ነገር ይቀላቅሉ ነበር፤ ሚዛንም ያጭበረብሩ ነበር። እነሱ ንጹሕ እቃ በትክክለኛ ሚዛን ሸጡ። ትርፉንም ለአባላት የከፋፈሉት ባዋጡት ገንዘብ ልክ ሳይሆን በገዙት እቃ ልክ ነው። ገዢው ራሱ ባለቤት ሆነ ማለት ነው። ዛሬ የምናውቀው የኅብረት ሥራ ማኅበር አሠራር ብዙው ከዚያች ሱቅ የወጣ ነው። በዚያው አገር በ2005 ደግሞ ለማህበራዊ ኢንተርፕራይዝ የሚሆን የኩባንያ ዓይነት በሕግ ተፈጠረ፤ የድርጅቱ ንብረት ለኅብረተሰቡ ጥቅም የተቆለፈ ነው። ባለቤቶቹ ሀሳባቸውን ቢቀይሩም ሸጠው መከፋፈል አይችሉም። ሕግ መጻፍም ፈጠራ ነው። ማንም አያጨበጭብለትም እንጂ።

በክፍያ ዘዴም የተገኘ ነገር አለ። በምሥራቅ አፍሪካ በሞባይል ገንዘብ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየተከፈለ የሚገዛ የሶላር መብራት ተስፋፍቷል። የኬንያው ኤም-ኮፓ በ2012 ገበያ ላይ የወጣው በዚህ ዘዴ ነው። እኔን የሳበኝ ለመግዛት መቅለሉ ብቻ አይደለም። መብራቱ ቢበላሽ ደንበኛው መክፈሉን ያቆማል። ስለዚህ ሻጩ እቃውን ካስረከበ በኋላም ለወራት ስለ መብራቱ መጨነቅ አለበት። ለለጋሽ ሪፖርት የሚጽፍ ድርጅት እቃው የተረከበበትን ቀን ይቆጥራል። በየቀኑ የሚከፈለው ግን መብራቱ ያልበራበትን ቀን ይቆጥራል። ዕዳው የከበደበት ሰው ክፍያ ሲያቋርጥ መብራቱ ከሩቅ ሲቆለፍበት ምን ይሁን የሚለው ጥያቄ ደግሞ አለ፤ ቀላል ጥያቄም አይደለም።

እዚህ ላይ እንዳልሳሳት እፈልጋለሁ። እርዳታን የምቃወም አይደለሁም። ምንም መክፈል የማይችል ሰው አለ። ለእሱ የሚሆነውን ነገር ገበያ ያመጣል ብሎ መጠበቅ ጭካኔ ነው። መጀመሪያ ላይ ስህተት ለመሥራትም ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ያንን የሚሸፍን ደንበኛ የለም። እኔ የምለው፣ ስጦታ ከሆነ ስጦታ እንበለው። ድጎማው ለዘለቄታው የሚያስፈልግ ከሆነ በግልጽ እንናገር፤ ማን፣ እስከ መቼ፣ ስንት እንደሚሸፍን እንጻፍ። በሦስት ዓመት ውስጥ ራሱን ይችላል ብሎ ፕሮፖዛል ላይ መጻፍ ልማድ ሆኗል። እኔም ጽፌያለሁ። ቁጥሩን በኤክሴል ላይ ወደ ላይ መጎተት ቀላል ነው።

ፈንድ የሚሰጡ ሰዎችም ይህን ቢያነቡት ደስ ይለኛል። አዲስ ነገር ብቻ የምትደግፉ ከሆነ ድርጅቶች በየዓመቱ አዲስ ነገር ይዘው ይመጡላችኋል። አምና የጀመሩትን ጥለው ነው የሚመጡት። የሙከራ ፕሮጀክት ላይ የሙከራ ፕሮጀክት እየደረቡ ከርሞ ጥጃ የሆኑ ድርጅቶችን አይቻለሁ፤ ውስጣቸው ብርቱ ሰዎች አሉ። ለመለዋወጫ፣ ለጥገና፣ ስልክ ለሚያነሳ ሰው ደሞዝ ክፈሉ። አሰልቺ ወጪ ነው። ማጣሪያው ውሃ የሚያወርደው ግን በእሱ ነው።

ድርጅታችን ከተዘጋ በኋላ ሦስት ሆነን ተሰባሰብን። አንድ ቴክኒሻን፣ አንዲት የሽያጭ ባልደረባና እኔ። ማጣሪያ አንሠራም። የምንሸጠው መለዋወጫ ፊልተርና ጥገና ብቻ ነው። በየቤቱ የቆሙት ማጣሪያዎች የት እንዳሉ እናውቃለን፤ አድራሻቸው በድሮው መዝገብ ላይ ነበር፤ ተፈቅዶልን ወሰድነው። ፊልተሩ በአንዴ ለመግዛት ስለሚከብድ በየወሩ እየተከፈለ ነው የሚሰጠው። ፊልተሩ ከቆመ የዚያ ወር ክፍያ የለም። ይህችን ሕግ ያመጣት የሽያጭ ባልደረባችን ናት። እኔ በሂሳብ በኩል ፈርቼ ተከራክሬ ነበር። ገንዘቡ ልክ ልኩን ነው፤ በአንድ መጥፎ ወር ልንወድቅ እንችላለን። እሷ ግን «ካልጎዳን አንሄድም» አለች። እውነቷን ነው። አሁን አንድ ቤት ማጣሪያ ሲቆም ሦስታችንም በዚያው ቀን እናውቃለን።

ለሁሉም አልደረስንም። መዝገቡ ላይ ካሉት ቤቶች ብዙዎቹ ፊልተሩን አልፈለጉም፤ አንዳንዶቹ አልቻሉም። የትኛው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የሽያጭ ባልደረባችን እየዞረች ትጠይቃለች፤ እኔም በሳምንት አንድ ቀን አብሬያት እወጣለሁ። ላልቻሉት ምን እንደምናደርግ ገና አልጨረስንም። የሚችሉት ትንሽ ጨምረው እንዲከፍሉ ብናደርግስ እያልን ቁጥር እያየን ነው።

እኚያ እናት ከመጀመሪያዎቹ ደንበኞቻችን አንዷ ናቸው። የልጃቸው ፎቶ ወደ ግድግዳው ተዛውሯል። ባለፈው ማክሰኞ ስልክ ደወሉ። ያነሳሁት እኔ ነኝ።

«ይሄ የሰጣችሁኝ አዲሱ ፊልተር ውሃው ቀጠነብኝ» አሉ። ድምፃቸው ቆጣ ያለ ነበር። «ወር ሳይሞላው! እኔ እኮ ከፍዬበታለሁ!»

ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ቴክኒሻኑ እሮብ ጠዋት ሄደ።